ማን ያርዳው?

እማዬ የምታውቀው ባሕር ሆራ ነው። ደብረ ዘይት ተወልዳ፣ ደብረ ዘይት ተድራ፣ እኛንም እዚያው የወለደች ሴት ናትና ባሕር ሲባል የሚታያት በአንድ ጧት ተዙሮ የሚያልቅ ውሃ ነው። ወንድሜ መርከብ ላይ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬም በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው «ዳሩ ይታይሃል?» ብላ ነው። «ይታየኛል እማዬ» ይላታል። ውሸቱን ነው። ከውቅያኖስ መሐል ምን ዳር አለ! ይሁን እንጂ በሱ ውሸት ለመፍረድ መብት የለኝም። የኔ ይብሳል።

ወንድሜ በሜካኒካል ምሕንድስና ከተመረቀ በኋላ ባሕር ዳር ገብቶ የመርከበኛ ሥልጠና ወሰደ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የሌላት አገር መርከበኞቿን በጣና ዳር ማሠልጠኗን ለባዕድ ባልደረቦቹ እያወራ ያስቃቸዋል። አሁን የአንዲት ዕቃ ጫኝ መርከብ ሦስተኛ መሐንዲስ ነው። ውሎው ታች፣ ከሞተሩ ጋር ነው።

በቤታችን የመገናኛ ሚኒስትሯ እኔ ነኝ። እማዬ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ አያታችን እምዬ ደግሞ ጭራሽ ስልክ አልነበራትም። ስለዚህ ቅዳሜ ከዶርም ወደ ቤት ስሄድ የሁሉንም ድምፅ እየቀዳሁ የተሳካውን በቴሌግራም እልክለት ነበር። እምዬ ከመቀዳቷ በፊት ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከዚያ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ ትመርቀዋለች። መሐል ላይ ሳል ይይዛታል፣ ወይም ቃል ይጠፋባትና «ተይው፣ ይኼ አይጥምም፤ እንደገና» ትለኛለች። እንዲህ የተበላሹት ቅጂዎች ስልኬ ውስጥ ቀርተዋል። አሥራ ሰባት ነበሩ።

ከመርከብ ጋር መገናኘት ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። አይደለም። በመጀመሪያ ሰዓት አለ። ወንድሜ «በስምንት እደውላለሁ» ሲል በፈረንጅ ስምንት ነው በሐበሻ? በመርከቧ ሰዓት ነው በደብረ ዘይት? ወደ ምዕራብ ሲጓዙ በየጥቂት ሌሊቱ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። እማዬ ይህን ስትሰማ፣ «ሰዓትም ይመለሳል እንዴ? እንዲያ ከሆነማ ዕድሜዬንም ይመልሱልኝ» አለች። ከዚያ የኢንተርኔቱ ነገር አለ። በሱ መርከብ ለያንዳንዱ ሠራተኛ በወር የተወሰነ መጠን ይታደላል፤ ያለቀበት ከኪሱ ይገዛል። እኔም የመርከቦችን መንገድ የሚያሳይ ካርታ ስልኬ ላይ ጭኛለሁ። መርከቧ ከወደብ ብዙ ሳትርቅ ነጥቧ ትንቀሳቀሳለች፤ ውቅያኖስ ስትገባ ግን በነጻ የሚታየው ካርታ አያገኛትም፤ ነጥቧ መጨረሻ በታየችበት ቦታ ደርቃ ትቀራለች። ስንት ሌሊት ያቺን የደረቀች ነጥብ እያየሁ አድሬአለሁ!

የመርከብ ሰው ለቤቱ አንድ ቃል ለማድረስ ያልሆነው የለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1912፣ ታይታኒክ በረዶውን በገጨችበት ሌሊት፣ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ሠራተኛዋ የመንገደኞችን የግል መልእክት ወደ ኬፕ ሬስ ጣቢያ በመላክ ተጠምዶ ነበር። በቅርብ የነበረች መርከብ በረዶ እንደ ከበባት ልትነግረው ብትሞክር «ሥራ ይዣለሁ» ብሎ አቋረጣት። ሰላምታውና የናፍቆቱ ቃል መስመሩን ሞልቶት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ኢንማርሳት ለመርከቦች የሳተላይት ስልክ አመጣ፤ ድምፅ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ ወጥቶ ይመለሳል፤ የደቂቃው ዋጋ ግን ለተራ መርከበኛ የሚቀመስ አልነበረም። ዛሬ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች አሉ። የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2022 ተሻሽሎ፣ ከዲሴምበር 23 ቀን 2024 ወዲህ ባለ መርከቦች በተቻለ መጠን ለሠራተኛው ኢንተርኔት እንዲያቀርቡ፣ ክፍያ ካለውም ተመጣጣኝ እንዲሆን ያዛል።

መልካም ነው። መልእክት ይደርሳል። መርዶስ?

እምዬ ያረፈችው ባለፈው ክረምት፣ በአንድ ማክሰኞ ሌሊት ነው። መርከቧ ከሲንጋፖር ከወጣች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በቀይ ባሕር መርከቦች መጠቃት ከጀመሩ ወዲህ ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው እንደሄዱ ሁሉ የሱም መርከብ ወደ ኤውሮፓ የምትሄደው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞራ ነው። ነዳጅ የምትሞላው ሞሪሸስ ነው። እስከዚያ ድረስ ስምንት ቀን ውሃ ብቻ።

ከቀብር መልስ አጎቴ እኔን ድንኳኑ ጀርባ ጠርተው፣ «ነገርሽው?» አሉኝ።

«አልነገርኩትም ጋሼ።»

«ደግ አደረግሽ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን አይረዳም። ደግሞ ልጁ ሞተር ውስጥ እጁን ከትቶ ነው የሚሠራው።»

አንባቢ ሆይ፣ ሥርዐቱን ታውቀዋለህ። መርዶ በማለዳ ነው። ሽማግሌው፣ ጎረቤቱ፣ የነፍስ አባቱ ተሰብስበው ሄደው ነው። ዘመድህ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ቢሆን እንኳ መላ አለው፤ እዚያ ላሉ ወዳጆቹ ይደወላል፣ እነሱም ተጠራርተው በጧት በሩን ያንኳኳሉ። ባሕር ላይ ያለውን ሰው በር ማን ያንኳኳል? ለሃያ ሁለት ሰው፣ አብዛኛው ፊሊፒናዊ ለሆነ መርከበኛ፣ መርዶ ምን እንደሆነ ማን ያስረዳዋል?

ስለዚህ ዝም ማለት የኔ ሥራ ሆነ። የአክስቴ ልጅ የእምዬን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ነበር፤ ደውዬ ለምኜ አስነሣሁት። ለዘመድ ሁሉ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ወንድሜ ሲጽፍልኝ «ሁሉም ደህና» እያልኩ መለስኩ። በአራተኛው ቀን፣ «እምዬን አስቀጂልኝ፤ ድምጿ ናፈቀኝ» አለ።

ወደ ዶርም ተመልሼ ነበር። ከተበላሹት አሥራ ሰባት ቅጂዎች አንዱን መረጥኩ። መጀመሪያው ጥሩ ምርቃት ነው፤ ኋላ ላይ ነው «ቆይ ተሳሳትኩ» የምትለው። ቅጂውን ወደ ጓደኛዬ ስልክ አሳለፍኩና እዚያ እየከፈትኩ በራሴ ስልክ እንደ አዲስ ቀዳሁት። «ቆይ» ከማለቷ በፊት ቆረጥኩት። ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። የሞተ ሰው ድምፅ ለሕያው እንደ ዛሬ አድርጌ ላክሁ። ከዚያ ወጥቼ ከዶርሙ ጀርባ ብቻዬን አለቀስኩ። ለእምዬ ይሁን ለራሴ እንጃ።

መልሱ ማታ መጣ፤ «ድምጿ ቀጠነብኝ። ታማለች እንዴ?»

ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀዳ ድምፅ ይቀጥናል፤ ይህን አላሰብኩም። «ጉንፋን ነው» ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ሌሊት አጎቴ ጋ ደወልኩና «ጋሼ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም» አልኳቸው። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መርከቧ ላይ ሌላ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ አብሮት የሠለጠነ። አድራሻውን ፈልጌ አገኘሁ። አጎቴ በኔ ስልክ ሲያነጋግሩት ቆመው ነበር፤ ባርኔጣቸውንም አውልቀዋል። «ልጄ፣ አላውቅህም። ግን እዚያ ያለኸው የኛ ሰው አንተ ብቻ ነህና ሽማግሌው አንተ ነህ» አሉት። ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ትንሽ ዝም አለና፣ «እሺ አባባ፤ ሞሪሸስ መልሕቅ እስክንጥል ይታገሡኝ። ሥራ ላይ ሆኖ አይሁን» አለ።

የሆነውን የማውቀው እሱ እንደ ነገረኝ ነው። ለካፒቴኑ ቀድሞ አስረዳው። ካፒቴኑ ነገሩ ለምን በጧት መሆን እንዳለበት ባይገባውም ወንድሜን ከተራ አወጣው። ፖርት ሉዊስ አጠገብ መልሕቅ በጣሉ ማግስት፣ በነሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ በኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ አራት ሰዎች ወንድሜ በር ላይ ቆሙ፤ ልጁ፣ ካፒቴኑ፣ ሁለተኛው መሐንዲስና ፊሊፒናዊው ወጥ ቤት። ወጥ ቤቱ ቡና በፔርሙዝ ይዟል፤ ማንም አላዘዘውም። ወንድሜ በሩን ከፍቶ አራቱን አየ። እንግዲህ በማለዳ አራት ሰው ደጁ ላይ ሲቆም ትርጉሙን የማያውቅ ሐበሻ የለም።

«ማናቸው ናት?» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ቤታችን በዚያ ሰዓት በሰው ተሞልቶ ነበር። ድንኳኑ ከፈረሰ ቀናት አልፈዋል፤ ሰልስቱም ወጥቷል፤ ግን አጎቴ ማታውን ለዕድርተኛው «ለልጁ ስንል እንደገና እንቀመጥ» ብለው ስለ ነበር ጎረቤቶች በሌሊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ስልኬን በስኳር ጣሳ አስደግፌ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። ወንድሜ ታየን። ከጎኑ የወጥ ቤቱ እጅ ትከሻው ላይ አለ። ሴቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ። ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። በቆመ ቁጥር ልቅሶው እዚህ ይቀጥላል፤ ሲመለስ እሱም እያለቀሰ እናገኘዋለን። እማዬ ስልኩን ዳበሰችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዳሩ አልጠየቀችውም።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ለኔ ብቻ አንድ መልእክት ጻፈ፤ «መደበቃችሁ ይገባኛል። ድምጿን ለምን ላክሽልኝ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። አጎቴ ዝም በይ አሉኝ እንጂ አስመስይ አላሉኝም። ዝምታ ከሥርዐቱ ወገን ነው፤ ያደረግሁት ግን የራሴ ፈጠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከወንድሜ ጋር መነጋገር የምችልበት መሣሪያ እጄ ላይ ስለ ነበር ዝም ማለት አቃተኝ። የጥንቱ ደብዳቤ በወር ይደርስ በነበረ ጊዜ ማንም እንዲህ ያለ ፈተና አልገጠመውም። ለአራቱ ሰዎች በሩ ላይ መቆም ያን ያህል ከባድ የሆነውን ነገር እኔ ጣቴን ስክሪን ላይ በማሳረፍ ልሸሸው ሞከርኩ።

ዘጠኝ ቀን አልጻፈልኝም። በዐሥረኛው ቀን፣ «ሌሎች ቅጂዎች እንዳሉሽ አውቃለሁ። ላኪልኝ። ሳትቆርጪ፣ እንዳሉ» አለ።

አሥራ ስድስቱን ላክሁለት። ከነሳላቸው፣ ከነዶሮው ጩኸት፣ «ይኼ ነገር በርቷል እንዴ?» ከሚለው ጋር፣ እያንዳንዱ ላይ የተቀዳበትን ቀን ጽፌ። በመጨረሻም ያንን የቆረጥኩትን፣ ከነ «ቆይ ተሳሳትኩ» ሙሉውን።

ቴሌግራም ላይ የላክኸው ድምፅ እስኪሰማ ድረስ አጠገቡ ትንሽ ነጥብ አለች፤ ሲሰማ ትጠፋለች። እስከ ዛሬ ድረስ የአሥራ ሁለቱ ነጥብ ጠፍቷል። አምስቱን አልከፈታቸውም። ለመቼ እንዳስቀመጣቸው አልጠየቅሁትም።