ሸክላ፣ መርፌና ጆሮ

እንግዳ ቤቴ መጥቶ የሸክላ ማጫወቻውን፣ የ1970ዎቹን አምፕሊፋየርና ሁለቱን ትልልቅ እስፒከሮች ሲያይ «ዘፈኑ ሁሉ ስልክህ ላይ አለ አይደል እንዴ? ምን አደከመህ?» ይለኛል። አለ፤ እኔም ታክሲ ውስጥ የምሰማው በስልኬ ነው። ግን በመንገድ ላይ መስማትና ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ለየቅል ናቸው።

የእኛ የድሮ ሙዚቃ ደግሞ የተሠራው ለዚህ ዕቃ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ነበር። ወጣቱ ይህን እያወቀ ደፍሮ ገባበት፤ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ባለ 7 ኢንች ናቸው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራሉ፤ በፊታቸው አንድ፣ በጀርባቸው አንድ ዘፈን ይይዛሉ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ መርፌው መሃል ይደርሳል፤ ተነስቶ መገልበጥ ግድ ነው። ለእኔ የዚህ ዕቃ ትልቁ ውለታ ይህ ነው፦ ከሙዚቃው ጋር ያስቀምጠኛል።

ዕቃ ለመሰብሰብ ለምታስቡ፣ በተለይ ከአሜሪካ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ሄርዙን አይነካም። ፍጥነቱን ከመብራቱ ሄርዝ የሚወስድ ሞተር ያለው ማጫወቻ እዚህ ሲሰካ፣ በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር የነበረበት ኤልፒ (ትልቁ ሸክላ) ወደ 28 ይወርዳል። ዘፈኑ ይንቀረፈፋል፤ የሴቷ ድምፅ ወፍሮ የወንድ ይመስላል። መፍትሔው የሞተሩን መዘውር ለ50 ሄርዝ በተሠራ መቀየር፣ ወይም እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ፍጥነቱን በራሱ ኳርትዝ የሚቆጣጠር መምረጥ ነው።

የቀረው የዕድሜ ጣጣ ነው። የአምፕሊፋየሩ ኮንዴንሰሮች ይደርቃሉ፤ እስፒከሩን ከዳር የያዘው ስፖንጅ ይፈረፈራል፤ የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሻል። ሦስቱንም ጎበዝ ራዲዮ ጠጋኝ ያድናቸዋል። መርፌውን ግን አዲስ ግዙ፤ ያለቀ መርፌ ሸክላው በዞረ ቁጥር ቦዩን ይፍቃል፤ የተፋቀ ቦይ ደግሞ አይመለስም። የማጫወቻውን ገመድም አምፕሊፋየሩ ላይ «ፎኖ» የሚል ቦታ ውስጥ ሰኩት። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው፤ ወደ ልኩ የሚመልሰው ፎኖው ነው። ሌላ ቦታ ከሰካችሁት ባሱ ጠፍቶ ሲጢጥ ሲል ትሰማላችሁ።

ሁሉም ልክ ሲሆን ልፋቱ ይካሳል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «የካቲት» ኢትዮ ጃዝ አልበም በደህና እስፒከር ስሙት። ባሱ ደረት ላይ ያርፋል፤ ነፊዎቹ በስልክ እንደምንሰማው አንድ ላይ አይጨፈለቁም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቦታ ይኖረዋል።

ስለዚህ ልለምናችሁ። ከወላጆቻችሁ የተረፈ ሸክላ ካለ ለቆራሌው አትስጡት። አንዱን በአንዱ ላይ አትከምሩት፤ አቁማችሁ ደርድሩት፤ ከፀሐይም አርቁት። ማጫወቻው ከተበላሸ አስጠግኑት፤ ከሌላችሁም ያለው ሰው ፈልጉና አብራችሁ ስሙ። እናትና አባታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ መጀመሪያ ለእነሱ አሰሟቸው።