ያመለጠው ዓሣ ለምን በየዓመቱ ያድጋል?

ከዓሣ አጥማጅ ጋር ቡና ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ እኔ ልንገራችሁ። ስለያዘው ዓሣ ሁለት ቃል ተናግሮ ይጨርሳል። «ሦስት ቀረሶ ይዤ ገባሁ፣ ተጠበሰ፣ ተበላ» ነው የሚላችሁ። ስላመለጠው ዓሣ ሲያወራ ግን ተደላድላችሁ ተቀመጡ! አቦሉ ላይ ዓሣው ትሉን ይጎርሳል፣ ቶናው ላይ ትግሉ ይጀመራል፣ በረካው ሲቀዳ ክሩ ይበጠሳል።

የዓሣው ልክ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ዓምና «ይህን ያህላል» ተብሎ በክንድ የተለካው፣ ዘንድሮ የአሥር ዓመት ልጅ ቁመት ደርሶ ታገኙታላችሁ። የከርሞውን እግዜር ይወቀው! ሚስት ሰልችቷት ወደ ማጀት ትገባለች፣ ልጆች ይጠቃቀሳሉ፣ ጎረቤት «ይኸ ሰውዬ ዛሬም ጀመረው» እያለ ለመሄድ ይነሳል። ምስኪኑ አጥማጅ ግን የሚያዳምጠው ኖረም አልኖረም ገና ከወንዙ ዳር አልተመለሰም።

እኔ የመራዊ ልጅ ነኝ። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ 30 ምናምን ኪሎ ሜትር እንደተጓዛችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ቆጋ ወንዝ አጠገባችን ነው። ቆጋ ግልገል ዓባይን ይቀላቀላል፤ ግልገል ዓባይ ደግሞ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ ጣና ይገባል። ስለዚህ የዓሣ ወሬ ቸግሮን አያውቅም። የሰፈራችን ወንዶች ልጆች ሸንበቆ ቆርጠው፣ ናይሎን ክር አስረው፣ ትል ቆፍረው ወንዝ ይወርዱ ነበር። የቆጋ ግድብ ተሠርቶ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚያጠጣ ውሃ ከተጠራቀመ ወዲህማ ወሬው እጥፍ ሆነ።

አንዱ የሰፈራችን ጎረምሳ ያመለጠው አምባዛ ነው። «እጄ ላይ ነበረ እኮ!» ይላል መዳፉን ዘርግቶ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ሳሙና የተቀባ ይመስል ያሟልጫል። አየር መተንፈስ ስለሚችልም ከውሃ ወጣ ብሎ ወዲያው አይሞትም። ጭቃው ላይ ተወራጭቶ፣ ተወራጭቶ… ገባ! ሌላው ከቡሬ ዘመድ ሊጠይቁ የሚመጡ ነጋዴ ናቸው። ግልገል ዓባይ ላይ ነጭ ዓሣ ካመለጣቸው ስንት ዘመን ሆኖታል፤ የዚያን ዕለት የለበሱትን ሸሚዝ ቀለም ግን እስከ ዛሬ አልረሱም። የተጋቡበትን ቀን ብትጠይቋቸው ባለቤታቸውን ነው ዞር ብለው የሚያዩት!

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ይዋሻሉ? የእኔ ፍርድ ሌላ ነው። እስቲ አስቡት፤ ትንሽ ዓሣ ክር አይበጥስም፣ መንጠቆም አያቃናም። ክሩን የሚበጥሰው ትልቁ ነው። ታዲያ ከያዙት ይልቅ ያመለጣቸው ቢበልጥ ምን ይገርማል? ልምድ ያለው አጥማጅ ትልቅ ዓሣ ሲጎትተው ክሩን ላላ ያደርግለታል፣ ሲደክምለት ቀስ ብሎ ይሰበስባል። ጀማሪው ይደነግጥና አጥብቆ ይይዛል፤ ያኔ ጧ! ውሃውም ራሱ ያታልላል። ከላይ ሆነን ስናይ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ካለበት ቀርቦ ይታየናል። የቀረበ ነገር ደግሞ ትልቅ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የተያዘው ዓሣ ሚዛን ላይ ይወጣል። 2 ኪሎ ከሆነ 2 ኪሎ ነው፣ ክርክር የለም። ያመለጠውን ማን መዘነው?

«ድሮ ዓሣ እንደዚህ ነበር» የሚሉ ሽማግሌዎችን በሚመለከት ደግሞ የሚያስገርም ነገር ላውጋችሁ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ኪ ዌስት በምትባል ደሴት ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የያዙትን ትልቁን ዓሣ ሰቅለው ፎቶ የመነሳት ልማድ አላቸው። ሎረን ማክሌናቻን የተባለች ተመራማሪ እነዚህን ፎቶዎች ሰብስባ የዓሣዎቹን መጠን ለካች፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2009 አወጣች። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአማካይ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋው ዓሣ በ2007 2.3 ኪሎ ላይ ወርዶ ተገኘ! የሚገርመው የአጥማጆቹ ፈገግታ አለመቀነሱ ነው። አዲሱ ትውልድ የአያቶቹን ዓሣ ስላላየ የራሱን ትንሽ ዓሣ ትልቅ ብሎ ይዞ ይስቃል። አያትየው «የእኛ ዘመን ዓሣ…» ብለው ቢናገሩ ደግሞ «ጃጁ» ይባላሉ።

ወደ እኛው ጣና እንመለስ። «ነጭ ዓሣ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ቶሎ አያድጉም፣ ለመውለድም ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይሄዳሉ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በየገባሩ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ታዲያ ሰው የሚጠብቃቸው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከጥንት ጀምሮ በየወንዙ ብርብራ ተወቅጦ ይበተንባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ደግሞ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ። ግድብም መንገዳቸውን ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 የተደረገ ክትትል እንዳሳየው፣ ወንዝ ወጥተው የሚወልዱት ነጭ ዓሦች በክብደት ሲመዘኑ 75 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። በአሥር ዓመት ውስጥ ማለት ነው! እንግዲህ የቡሬው ነጋዴ «እንደዚያ ያለ ዓሣ ዳግመኛ አላየሁም» ሲሉ እያጋነኑ ነው ወይስ እየመሰከሩ?

ስለዚህ ለአጥማጅ ወዳጆቼ አንድ ቃል አለኝ። በክረምት ሆዷ እንቁላል የሞላ ዓሣ ወንዝ ስትወጣ ብታገኙ ልቀቋት። ብርብራውንም ተዉት፤ ትልቁን ከትንሹ አይለይምና። ለልጆቻችሁም የሚያመልጥ ዓሣ ይኑራቸው እንጂ!

አሁን ከልቤ ወደማይጠፋው ሦስተኛው አጥማጅ ልምጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ገበሬ ናቸው፣ ወሬ አያበዙም። የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግልገል ዓባይ ላይ በመስከረም ያመለጣቸውን ዓሣ። ሁልጊዜም የሚጨርሱት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «አጥብቄ ያዝሁት። ትንሽ ላላ ባደርግለት ኖሮ አይበጥሰውም ነበር» ይሉና ሲኒያቸውን ያስቀምጣሉ። ልጆቹ ይስቃሉ። እኛም እንስቅ ነበር፤ ቤቱ የሳቅ ቤት ነው።

አንድ ምሽት ማጀት ገብቼ ከባለቤታቸው ጋር ሽሮ ስናወርድ፣ «ልጄ፣» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኸ ሰው ስለ ዓሣ የሚያወራ መስሎሻል? የበኩር ልጃችን በመተማ አድርጎ ሱዳን የገባው እኮ በዚያው መስከረም ነው። የዚያን ሰሞን ተጣልተው ነበር። ከካርቱም አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።»

ወገኖቼ፣ የያዝሁት ወጥ ማንኪያ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ሰምተናቸው አናውቅም። ገበሬ አባት ቡና ላይ ቁጭ ብሎ «ልጄ ናፈቀኝ» አይልም፤ እንዲያ ማለት የለመደበት አገር አይደለም። ስለ ዓሣ ግን ማውራት ይችላል።

በሌላ ቀን ወሬያቸውን ጀምረው ክሩ ጋ ሲደርሱ ማንም ሳይስቅ እኔ ቀደም ብዬ፣ «አጎቴ፣ ቢያላሉለት ኖሮ ይመለስ ነበር ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ባለቤታቸው ጀበናውን ይዘው ቆመው ቀሩ። የዚያን ምሽት ስለ ልጁ ተወራ፤ ምን መብላት እንደሚወድ፣ በሬ ሲጠምድ እንዴት እንደሚዘፍን፣ ምን ቃል ተነጋግረው እንደተለያዩ። ከዚያ ወዲያ ምን መጣ ብትሉኝ፣ ስልኩ አልጮኸም። ነገር ግን ሁለቱ ባልና ሚስት ለየብቻ ተሸክመውት የኖሩትን አብረው ያነሱት ከዚያ ምሽት ጀምሮ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ናት። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ወሬ እየደጋገመ የሚያስቸግራችሁ ሰው ካለ፣ ዓሣ ይሁን፣ ያመለጠ ሹመት ይሁን፣ ሳይገዛ የቀረ ቦታ ይሁን፣ «ደግሞ ጀመርክ!» ብላችሁ አትቁረጡት። ልኩንም አታርሙለት፤ «ዓምና እኮ ክንድ ነበር» ማለት ምን ይጠቅማችኋል? ይልቅ «ከዚያስ?» በሉት። ያ ዘመን ለሱ ምን ዘመን እንደነበር፣ በዚያ ሰሞን ከዓሣው ሌላ ምን እንደሄደበት ጠይቁት። ባለወሬው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ አንድ ቀን ዓሣውን ወደ ጎን አድርጋችሁ ዋናውን ሞክሩት። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቤተሰብ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

እስከዚያው ክራችሁን ላላ አድርጉ። ቸር ሰንብቱ!