አስታማሚዋ የት ትደር?

እናቴ አሰላ ከሚገኘው ቤቷ ደጃፍ ላይ አዳልጧት የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወደ ቤት ስትመለስ እኛ ልጆቿ ለእሷ ያላዘጋጀነው ነገር አልነበረም። አልጋዋን ወደ ሳሎን አወጣን፤ ስትቀመጥ እግሯ መሬት እንዲነካ ከፍታውን አስተካከልን። የሚያደናቅፋትን ምንጣፍ አነሳን። ፖፖው፣ ዎከሩ፣ ትርፍ አንሶላው ሁሉ ተገዛ። እኔ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወንድሜ ከአዳማ እየተመላለስን፣ ውጭ አገር ያለችው እህታችን ገንዘብ እየላከች ሁሉም ነገር ተሟላ። የቀረው አስታማሚ መቅጠር ብቻ ነበር።

በደላላ በኩል አንዲት ወጣት መጣች። በደመወዝ ተስማማን፤ ተያዥም አቀረበች። «ሌሊት ስትጠራሽ እንድትሰሚ» ብለን ከእናቴ አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋንላት። ሻንጣዋን ከሶፋው ጀርባ አስቀመጠች። በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት፣ እናቴን አጣጥባ፣ ቁርሷን አብልታ፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

እኔ በስልክ ሳማርር እናቴ አቋረጠችኝ። «ልጅቷን አትውቀሻት። ሌሊት አራት ጊዜ እቀሰቅሳታለሁ። ጠዋት ጠያቂ ሲመጣ ፍራሿን ጠቅልላ ትነሳለች። ልብስ የምትቀይረው ማድ ቤት ገብታ ነበር።»

ከዚያ ነግራኝ የማታውቀውን አወራችኝ። በልጅነቷ ከሳጉሬ ለትምህርት አሰላ ስትመጣ ያደገችው በዘመድ ቤት ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ መቅዳቱም፣ ድስት ማጠቡም የእሷ ሥራ ነበር። «እንጀራው አልጎደለብኝም» አለችኝ። «ግን አንድ ቀን እንኳ በር ዘግቼ አልቅሼ አላውቅም።»

እናቴ ይህን ስትነግረኝ አፈርኩ። ቤቱን ያዘጋጀነው ለታማሚዋ ብቻ ነበር።

ሁለተኛዋ ከመምጣቷ በፊት ከሳሎኑ ጋር በግድግዳ የምትዋሰነውን ዕቃ ቤት ባዶ አደረግናት። የገብስ ጆንያው ወጣ፤ ጣሪያዋ ተጠገነ፤ አምፖልና ሶኬት ገባላት። ከውስጥ የሚቆለፍ በርም ተገጠመላት። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጭላሎ የሚወርደውን የሌሊት ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ወንድሜ «ከሰል ይንደድላት» ቢል እምቢ አልኩ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የነደደ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። በእሱ ፈንታ ወፍራም ብርድ ልብስና ቡሉኮ ገዛን። ለእናቴ አልጋ ደግሞ ቃጭል አሰርንለት። ልጅቷ ክፍሏ ሆና ትሰማዋለች።

የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። ይሁንና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛው አብሮት የሚኖር አሠሪ በመኖሪያው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ የሠራተኛውን ጤናና ክብር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። እናቴ ሕጉን ሳታነብ ያለችው ይህንኑ ነው።

አዲሷ ልጅ ሙስሊም ናት፤ እናቴ ደግሞ ኦርቶዶክስ። አርሲ ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር ባይሆንም «ሲደርስ እናየዋለን» ብለን አልተውነውም። ገና በመጀመሪያው ቀን ቡና ተፈልቶ ተነጋገርን። የሥጋ ድስቱ ለየብቻ ሆነ፤ የጾምና የሶላት ሰዓት ታወቀ። ሌሊት ስለምትነሳ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ትተኛለች። እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ነፃ ናት፤ ያን ቀን የጎረቤት ልጅ ተከፍሏት ከእናቴ ጋር ትውላለች። ቀድሞ ሦስታችንም ልጆች በየተራ እየደወልን እናዝዝ ነበር። አሁን ከእኔ በቀር ማንም አያዝዛትም። የመድኃኒቱ ሰዓትም በደብተር ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

ከሁሉ የከበደው የእናቴ ነገር ነበር። «ገላዬን ባዕድ አያየውም» አለች። አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እኔ ሳጥባት ልጅቷ ፎጣ አቀበለችኝ። ቀጥሎ እሷ ስታጥባት እኔ ውኃ አቀበልኩ። በአምስተኛው ቀን እናቴ ራሷ «አንቺ ውጪ» አለችኝ።

ወላጅ ለማስታመም ሰው ልትቀጥሩ ያሰባችሁ፣ የታማሚውን አልጋ ካነጠፋችሁ በኋላ የምትመጣዋ ልጅ የት እንደምትተኛ፣ የት ልብስ እንደምትቀይር፣ መቼ እንደምታርፍ ተነጋገሩ። ክፍል ባይኖራችሁ እንኳ መጋረጃና የሚቆለፍ ሳጥን አይጠፋም። እኛ ይህን ያወቅነው አንዲት ደግ ልጅ ካጣን በኋላ ነው።

ባለፈው ወር ስሄድ ከምሳ በኋላ የደረስኩት። ስኳሩ የት እንዳለ ለመጠየቅ ቃጭሉን ላነሳ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይ፤ ተኝታለች» አለችኝ። «ሻዩን አንቺው አፍዪ።»