ኪሎ ከሩብ ሴባስቶፖል

እንዳትቆጡኝ እንጂ ሴባስቶፖል ሙቀጫ ይመስላል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን ምስሉን ያየ ያውቃል፤ አጭር፣ ወፍራም፣ አፈ ሰፊ። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህን ዓይነቱን መድፍ የሚጠሩት በሙቀጫ ስም ነው። ጥይቱን ወደ ሰማይ ወርውሮ ከግንብ ጀርባ ያወርዳል።

እኔ ደግሞ ትንሿን ሠራሁ። እዚሁ ጎንደር፣ ጓሯችን ውስጥ፣ ከነሐስ። ቁመቷ ግማሽ ስንዝር፣ ክብደቷ ኪሎ ከሩብ። መለኮሻ ቀዳዳ የላትም፣ ጌጥ ናት (ፖሊስ ካነበበው ብዬ ነው)። የጋዜጠኝነት ዲግሪ ይዛ ወናፍ የምትነፋ ልጅ ምን ነክቷት ነው የሚለውን ጥያቄ ሰፈሩ ጠይቆ ጨርሷል።

ያስተማሩኝ መስቀል የሚሠሩ አንድ ጋሼ ናቸው። መጀመሪያ በሰም ትቀርጫለሽ፤ ጭድ በገባበት ጭቃ ትለብጪዋለሽ፤ ሲደርቅ በእሳት ታግይዋለሽ፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ቦታውን ነሐሱ ይይዛል። «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ቃል ቅኔው የተዋሰው ከአንጥረኛ ነው። ጭቃው ውስጥ እርጥበት ከቀረ ግን እንፋሎቱ የቀለጠውን ፊትሽ ላይ ይተፋዋል።

ነሐስ የምንለው ደግሞ ሁለት ነው፤ መዳብ ከቆርቆሮ ጋር (የጣሪያውን አይደለም፣ ማዕድኑን ነው) እና መዳብ ከዚንክ ጋር። አሮጌ የቧንቧ አፍ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ሲቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ለሳንባም አይሆንም። ስለዚህ ከተቃጠለ ሞተር በወጣ መዳብ ላይ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ቆርቆሮ ጨመርን። መዳብ ብቻውን በ1085 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፤ ቆርቆሮ ሲገባበት ይቀለዋል።

ማፍሰስ ከጀመራችሁ ማቋረጥ የለም። ቆም ካላችሁ የገባው ይረጋል፣ የሚከተለው አይዋሃደውም። ለኪሎ ከሩብ ይህ የጥቂት ሰከንድ ነገር ነው፤ እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋፋት ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ በ1850ዎቹ፣ እነ ዋልድማየር መድፍ መሥራት አናውቅም ብለው ነበር። ቴዎድሮስ እንቢ አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እንደገና፣ እንደገና… በመጨረሻ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ወጣ። 70 ኩንታል! ከዚያ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ መቅደላ ገባ።

ስለ ንጉሡ ፉከራ ሞልቶናል (በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠሉም እሳቸው መሆናቸውን እኛ ባንረሳም)። ከፈረንጆቹ ጋር አብረው ስላቀለጡትና ስለጎተቱት ሐበሾች ግን ማን ይፎክራል? ብረት የነካን ሁሉ ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ ስንል ነው የኖርነው። በደባርቅ መንገድ ወለቃን ታውቋታላችሁ። ቤተ እስራኤሎች እዚያ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄዱ። አገሩ ማረሻውን ከእነሱ እየገዛ ዓይናቸውን ይፈራ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ አንዲት ጎረቤታችን ወናፌን አይታ እናቴን «ኧረ ልጅሽን ተይ በያት፣ ማን ያገባታል?» አለቻት።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ። ሦስት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ ሁለቱ ቢሮ ገብተዋል።

«ሙያውን ለምን አልያዙም?» አልኳቸው።

«አባታቸው ሲሰደብ እየሰሙ ነዋ ያደጉት!»

ከዚያ የኔዋን አገላብጠው አዩና ከንፈሯ ላይ ያለውን ሸካራ በሞረድ እንድጨርሰው አዘዙኝ። ቅዳሜ መስቀል ልንጀምር ነው። ሰም የምገዛው እኔ ነኝ።