በወንፊት ወደ ተከለለ በረንዳ ውኃ ስለ ማስገባት ፤ በድሬዳዋ ያየነው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በመኪና ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መንገደኛ የጨርጨርን ተራሮች እስኪጨርስ ድረስ በጋቢው እንደ ተጠቀለለ ይጓዛል፤ ቁልቢን አልፎ ደንገጎ ሲደርስ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳልና ጋቢውንም ኮቱንም አንድ በአንድ ማውለቅ ይጀምራል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፤ የደጋ ሰው በገባ በመጀመሪያው ሰዓት የሚሻው ሁለት ነገር ነው፤ እርሱም ጥላና ውኃ ነው። እኛም ሁለቱ በአንድ ቤት በረንዳ ላይ እንዴት እንደ ተገናኙ አይተን፤ ነገሩ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው በዚህ ገጽ ልንጽፈው ወደድን።

ድሬዳዋ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት እጅግ የሚከብደው ስለ ሆነ፤ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው በታች ደረሰና በዚያ ሥፍራ ከተማ ተቆረቆረ። የመጀመሪያ ስሙም አዲስ ሐረር ነበረ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ደቻቱ የተባለው ወንዝ ከተማውን ከሁለት ይከፍለዋል፤ በአንደኛው ወገን መጋላ፤ በሌላው ወገን ከዚራ ይገኛሉ። ወንዝ ይባል እንጂ የዓመቱን ብዙ ቀን አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰውም ከብትም ይሻገርበታል። ነገር ግን በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ የሆኑ ሰዎችን ሕይወት ስላጠፋ፤ የድሬዳዋ ሰው ውኃን በሁለት በኩል ያውቀዋል፤ ሲጠፋም ሲመጣም።

የከዚራ መንገድ ቀጥ ያለና በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው። በባቡሩ ምክንያት የመጡት ፈረንሳዮች፤ ግሪኮችና አርመኖች የሠሯቸው ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፤ ጣራቸው ከፍ ያለ፤ በፊታቸውም ሰፊ በረንዳ ያላቸው ናቸው። በዚህ አገር በረንዳ ማለት እንደ አዲስ አበባው ዝናብ እስኪያባራ የሚቆሙበት ጠርዝ አይደለም። ቤቱ ራሱ ነው ለማለት ይቻላል፤ ምሳ የሚበላበት፤ ቡና የሚፈላበት፤ እንግዳ የሚቀበሉበት፤ በሙቀት ወራትም አልጋ ተዘርግቶ የሚተኛበት ነው። ስለዚህ ትንኝ እንዳይገባ አንዳንድ ባለቤቶች ከግማሽ ግድግዳው በላይ እስከ ጣራው ድረስ በሽቦ ወንፊት ይከልሉታል። የወንፊቱም ቀዳዳ ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ እጅግ የሰፋ እንደ ሆነ ዝንብን ይከለክል ይሆናል እንጂ ትንኝን አይከለክልም።

ወንፊቱ መልካም ነው፤ ጉድለቱ ውኃው ከውጭ መቅረቱ ነው። የከተማው ውኃ ሳቢያን በተባለው ሥፍራ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች እየተሳበ በቧንቧ ይመጣል። እኛ ባረፍንበት ግቢ ቆጣሪው ከበሩ አጠገብ ነው፤ ከቆጣሪውም ቀጥሎ አንድ ሩቢኔት ቆሟል። እንግዲህ እጅ ለመታጠብ፤ ሲኒ ለማለቅለቅ፤ ሕፃን ለማጠብ በየጊዜው የወንፊቱን በር ከፍቶ ወደ ግቢ መውጣት ግድ ነው፤ ይህም የሚበዛው ጀንበር ስትጠልቅ፤ እራት ሲሰናዳ፤ ትንኝም ለራሷ እራት ስትነሣ ነው። በሁለት እጁ ባልዲ የተሸከመ ሰው በሩን በእግሩ ይከፍታል እንጂ መልሶ አይዘጋውም። በጎረቤት ቤት ተጋብዘን በነበርንበት በአንድ ምሽት በሩ አሥራ ሰባት ጊዜ ሲከፈት ቆጠርን፤ ከዚያ በኋላ ቡናው ስለ ቀረበ ቁጥሩን ተውነው።

ያስተናገዱን እመቤት ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ የነበሩ አሮጊት ናቸው። ይህን መመላለስ ለማስቀረት ብለው ከብዙ ዘመን ጀምሮ አንድ ትልቅ በርሜል ከወንፊቱ ውስጥ አኑረው ነበር። ውኃ በተራ እንጂ ሁልጊዜ ስለማይመጣ፤ በመጣበት ቀን ከግቢው ሩቢኔት በጎማ ይሞሉታል፤ ጎማው እንዲያልፍም በሩ ገርበብ ብሎ ይውላል። በርሜሉም ክዳን አልነበረውም፤ ልጆቹ በጣሳ እየጠለቁ ይወስዱበት ነበርና።

በ2014 ዓ.ም. በከተማው ያልተለመደ ወባ ተነሣ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተቆጠሩት የወባ በሽተኞች 205 ብቻ ሲሆኑ፤ በ2022 በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆኑ፤ ይህም በበጋ፤ ረግረግ ሁሉ በደረቀበት ጊዜ ነው። ምክንያቱ ሲመረመር አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ ተገኘች። ይህች ትንኝ ቀድሞ የምትታወቀው በህንድና በዐረብ አገር በኩል ነው፤ በ2012 በጅቡቲ፤ በ2016 ደግሞ በአገራችን በቀብሪ ደሃር ታየች፤ ሁለቱም ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእኛው አገር የቀድሞዋ የወባ ትንኝ በኩሬና በረግረግ ትራባለች፤ ይህችኛዋ ግን ሰው ለራሱ ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ውስጥ፤ በበርሜል፤ በገንዳ፤ ለግንባታ በተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ዕንቁላሏን ትጥላለች። ስለዚህ ድርቁ አይገታትም፤ እንዲያውም ውኃ የጠፋ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ በየዕቃው ስለሚያጠራቅም ለእርስዋ ምቾት ይሆናታል። ሮናልድ ሮስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በህንድ አገር በነሐሴ 1889 ዓ.ም. የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኘ ወዲህ ሰው ቤቱን በወንፊት ሲከልል ኖሯል፤ የዚህ ቤት ነገር ግን የተለየ ነበር።

በዚያው ወራት የእመቤቲቱ የልጅ ልጅ በትኩሳት ወደቀ፤ ደሙም ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ልጁ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ፤ ነገር ግን አያቲቱ፣ «በወንፊት ውስጥ ተኝቶ እንዴት ሊሆን ቻለ?» እያሉ ሌሊቱን ሲያሰላስሉ ሰነበቱ። ከጤና ጥበቃ በኩል የመጣች ወጣት ሴት በነጭ ጭልፋ ከበርሜሉ ውኃ ቀድታ አሳየቻቸው። በጭልፋው ውስጥ ቀጫጭን እጮች እንደ ገለባ ፍንካች በውኃው ፊት ላይ አግድም ተኝተው ነበር። በቆሻሻ ውኃ የሚታየው የሌላው ትንኝ እጭ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፤ የወባዋ ግን አግድም ትተኛለች፤ ይህን ምልክት እናቶች ቢያውቁት መልካም ነው። ወንፊቱ ትንኞቹን እንዳይገቡ ሳይሆን እንዳይወጡ አድርጓቸው ኖሯል።

እመቤቲቱ በዚያው ቀን በርሜሉን ደፉት። ከዚያም ውኃው ራሱ በቧንቧ ወደ በረንዳው እንዲገባ ቆረጡ። ይህንን ሥራ በዓይናችን ያየነው አይደለም፤ የሠራው ሰው ሌላ ጉዳይ ለማስተካከል ሲመጣ በቦታው እየጠቆመ አስረዳን እንጂ።

ሲጀመር በእርሱና በእመቤቲቱ መካከል ክርክር ነበረ። እርሳቸው ቧንቧው በወንፊቱ በኩል እንዲያልፍ ወደው ነበር፤ ቅርብ ስለ ሆነ። እርሱም፣ «እማማ፤ ወንፊቱን አንዴ ከበሳሽው አበቃ፤ ቧንቧው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። አንቺ ቦታውን አሳዪኝ እንጂ እኔ በግድግዳው ነው የምገባው» አለ። እርሳቸውም፣ «ልጄ፤ ግድግዳው ባለቤቴ ያሠራው ነው፤ እንዳታፈርስብኝ» አሉት። «ከሁለት ጣት የማይበልጥ ቀዳዳ ነው፤ ስጨርስ አታዪውም» ብሎ አሳመናቸው። አንባቢያችን ሠራተኛው አረጋዊቱን እመቤት አንቺ በማለቱ እንዳይቀየመው እንለምናለን፤ በድሬዳዋ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፤ እኛንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንተ ብሎናል፤ እኛም ሳንታወቅ በሦስተኛው ቀን ለምደነዋል።

ሥራው እንዲህ ነው። በቆጣሪው አጠገብ ያለው መዝጊያ ተዘግቶ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ውኃ ይፈሳል፤ ከግቢው ሩቢኔት በታች ሦስት አፍ ያለው መጋጠሚያ ይገባል፤ ከመጋጠሚያውም ቀጥሎ ለአዲሱ መስመር ብቻ የሚሆን መዝጊያ ይቆማል፤ በረንዳው ውስጥ አንድ ነገር የተበላሸ እንደ ሆነ ግቢው ሁሉ ውኃ እንዳያጣ ነው። ከዚያም ቧንቧው አርባ ሳንቲሜትር ያህል ተቆፍሮ ይቀበራል። በደጋ አገር ቧንቧ በግድግዳ ላይ ተንጋሎ ቢሄድ ጉዳቱ መልኩ ብቻ ነው፤ በድሬዳዋ ግን በፀሐይ የዋለ ቧንቧ እኩለ ቀን ላይ እጅ የሚያቃጥል ውኃ ይሰጣል፤ የፕላስቲክ የሆነ እንደ ሆነም ፀሐዩ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። በግማሹ ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ከእርሱ ሰፋ ያለ ሌላ ቧንቧ እንደ ሰገባ ይለብሳል፤ በሰገባው ዙሪያና አፍ ያለው ክፍተት በሚገባ ይደፈናል፤ ቀዳዳ ከቀረ የወንፊቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ነውና።

የድሬዳዋ ውኃ ኖራ የበዛበት ነው። በማንቆርቆሪያ ሲፈላ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ በቧንቧም ውስጥ ያው ቅርፊት ዓመት ለዓመት እየተነባበረ ይጠበዋል። ሠራተኛው ከዚህ ግቢ የቆረጠውን አሮጌ የብረት ቧንቧ አሳየን፤ አውራ ጣት ያስገባ የነበረው ቀዳዳ እርሳስ ብቻ የሚያሳልፍ ሆኗል። ስለዚህ አዲሱን መስመር ከሚያስፈልገው በአንድ ደረጃ አስፍቶ ሠራው፤ ጎሚቶ የሚሉትን መታጠፊያም አሳንሶ በሁለት ብቻ ጨረሰ፤ ቅርፊቱ መያዝ የሚጀምረው በመታጠፊያ ላይ ነው ባይ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ውኃው ገብቶ የሚወጣበትን ነው። ከወንፊት ውስጥ የሚንጠባጠብ ሩቢኔት ሥሩ ኩሬ ከሠራ ከበርሜሉ የተሻለ ነገር አልተሠራም። እዚህ ቤት ከሩቢኔቱ በታች በሲሚንቶ የተሠራ አነስተኛ ገንዳ አለ፤ ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ያዘነበለ ነው፤ ማፋሰሻውም በግድግዳው ሥር አልፎ ወደ ፓፓያው ሥር ይሄዳል፤ ወደ ውጭ የሚከፈተው አፉ በዚያው በሽቦ ወንፊት ታስሯል። ሩቢኔቱም እንስራና ባልዲ ከሥሩ እንዲቆም ሰባ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ጎማ ቢቀጠልበት እንኳ ጫፉ በሳሙና ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንዳይቀር ለልጆቹ ትእዛዝ ተሰጥቷል፤ ውኃ በድንገት ሲቋረጥ ቧንቧው ያንን እድፍ ወደ ኋላ ይስበዋልና፤ ነገ የሚጠጣውም እርሱ ይሆናል።

ውኃ በተራ የሚመጣ ስለ ሆነ ማጠራቀም አልቀረም፤ የሚጠራቀምበት ዕቃ ግን ተለወጠ። አሁን ሮቶ የሚሉት የተከደነ ታንክ ከቤቱ ጀርባ በከፍታ ላይ ተቀምጧል፤ በተራው ቀን በራሱ ይሞላል፤ በረንዳውም በሌላው ቀን ከእርሱ ያገኛል። ክዳኑ የሚጠብቅ ነው፤ ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ቧንቧ አፍም በወንፊት ታስሯል። በኩሽና የሚቀሩትን ትንንሽ ዕቃዎች እመቤቲቱ በየቅዳሜው ደፍተው በብሩሽ ያሹአቸዋል፤ በዚህ ሙቀት ዕንቁላሉ ትንኝ ሆኖ እስኪበር ድረስ ከሳምንት ጥቂት ቀን ይበልጣልና፤ ማሸቱም በዕቃው ጠርዝ የተጣበቀውን ሁሉ ያነሣል።

የግቢው ሩቢኔት አልተነቀለም። ለፓፓያውና ለሎሚው ያገለግላል፤ ውኃ የተቋረጠባቸው ጎረቤቶችም ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ ከእርሱ ይቀዳሉ፤ ጀሪካኑን ክደኑ የሚለው ትእዛዝ ግን ከእመቤቲቱ አፍ ሳይሰሙ የሚወጡ የሉም። በርሜሉን ሠራተኛው ከሥሩ በሳስቶ አፈር ሞላበት፤ እኛ በነበርንበት ሰሞን አበባ ተተክሎበት ከወንፊቱ ውጭ ቆሞ ነበር።