መጽሐፉን ይዞ ወደ አደባባይ የሚወጣ ደራሲ

አንድ መጽሐፍ የሚወለደው ከማተሚያ ቤት በወጣበት ዕለት ነው የሚለው አባባል እውነትነቱ በከፊል ብቻ ነው። ታትሞ፣ ተጠርዞና በገመድ ታስሮ በአልጋ ሥር የተከማቸ መጽሐፍ ባለቤቱን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከማሰኘት በቀር ለማንም የሚሰጠው ጥቅም የለም። መጽሐፍ የተደከመለትን ዋጋ የሚያገኘው ከደራሲው እጅ ወጥቶ በሌላ ሰው አእምሮ ውስጥ ቦታ ሲይዝ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሚጠርገው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ሥራውን ለአራዳና ለፒያሳ ሕዝብ ያቀረበ ደራሲ ሁሉ በየዘመኑ በራሱ መንገድ ሊመልሰው የተገደደ ጥያቄ ነው።

«ጥሩ ሥራ ራሱን ያስተዋውቃል» የሚል አስተያየት ዘወትር ይሰማል። ደራሲ የራሱን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲዞር የሚመለከቱ አንዳንድ ሰዎች ቅር ይላቸዋል፤ ነገሩን ጨዋነትን እንደ ማጉደል፣ የጥበብንም ክብር ወደ ገበያ ጩኸት እንደ ማውረድ ይቆጥሩታል። ደራሲው ራሱም ከዚህ ስሜት ነጻ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ሲጽፍ ያልፈራ ሰው፣ በሃምሳ ሰው ፊት ቆሞ የመጀመሪያውን ገጽ ሲገልጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይሁን እንጂ ይህ ኀፍረት ሲመረመር በአገሪቱ የጥበብ ባህል ውስጥ ጽኑ ሥር ያለው ሆኖ አይገኝም። የአገሪቱ የጥበብ ቃል በብራና ላይ የኖረውን ያህል በጉባኤ ፊት የኖረ ነውና።

ለዚህም የቅኔን ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል። ባለቅኔው የቋጠረውን ቅኔ በሊቃውንት መካከል ቆሞ በቃሉ ያቀርባል። ምሥጢሩ የሠመረ እንደሆነ «ይበል!» ይባልለታል፤ ቤት የሰበረ ወይም ምሥጢር የሳተ እንደሆነም ስሕተቱ ከአድማጮቹ ጆሮ አያመልጥም። በዚያ ጉባኤ ማቅረብና መመዘን የማይነጣጠሉ ናቸው። በጠጅ ቤት የሚዘፍነው አዝማሪም ቢሆን ከተቀመጡት ሰዎች የተወረወረለትን ግጥም ተቀብሎ በዜማ እየመለሰ ነው ጨዋታውን የሚያደምቀው። አድማጩ በሥራው ውስጥ ድርሻ አለው ማለት ነው።

አራዳም ለእንዲህ ያለው የቃል ልውውጥ የተመቸች ሥፍራ ሆና ኖራለች። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ይውል የነበረው ገበያ ከየአቅጣጫው የመጣውን ሕዝብ ያገናኝ ነበር። ወሬም ሆነ ቀልድ፣ አቤቱታም ሆነ አሽሙር በዚያ ይሰማል፤ ከዚያም ተነሥቶ በየመንደሩ ይዛመታል። የኢጣሊያ ወራሪ ኃይል ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ ባዛወረው ጊዜ የሸቀጡ መናኸሪያ አብሮ ሄደ፤ የመሰብሰቡና የመጨዋወቱ ልማድ ግን በአራዳ ቀረ። «አራዳ» የሚለው ቃል ከቦታ ስምነት አልፎ የንቁና የጨዋታ አዋቂ ሰው መጠሪያ ለመሆን የበቃው ያለ ምክንያት አይደለም።

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የታየውም ተመልካች ፊት ለፊት በተቀመጠበት በሆቴል አዳራሽ ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በእንስሳት ተረት አማካይነት የአስተዳደርን ጉድለት የሚተች ሥራ ነበር። የአውሬዎቹ ጨዋታ ምን ለማለት እንደ ተፈለገ በቤተ መንግሥት ዘንድ ስለ ታወቀ፣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ነገሩ አሳዛኝ ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። በሰዎች ጉባኤ ፊት የቀረበ ቃል ብቻውን በመደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ቃል ይልቅ የሚያስፈራ ኃይል እንዳለው ባለሥልጣናቱ ከደራስያኑ እኩል ያውቁ ነበር።

ይህ ኃይል ለሀገር ጉዳይ የዋለበት ወቅት ደግሞ በ1927 ዓ.ም. መጣ። የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት በዚያ ዓመት የሀገር ፍቅር ማኅበር በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት ተመሠረተ። ሕዝቡ በምኒልክ አደባባይ እየተሰበሰበ ንግግርና ግጥም፣ ቀረርቶና ፉከራ ያዳምጥ ነበር። ከነጻነት በኋላም ማኅበሩ እንደገና ተቋቁሞ በፒያሳ በያዘው አዳራሽ ሙዚቃን፣ ተውኔትንና ግጥምን በአንድ መድረክ ሲያቀርብ ኖሯል። እንደ ዮፍታሔ ንጉሤ ያሉ ባለቅኔዎች ስማቸው ከመጻሕፍት ገጽ ይልቅ በመድረክ የገነነው የሕዝቡ ጆሮ ከማተሚያው መኪና ቀድሞ ስለ ተቀበላቸው ነው። በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት፣ መስማት የሚችለው ግን እጅግ ብዙ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

ከዚያ ከፍ ብሎ በአራት ኪሎ በነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ተማሪዎች በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ግጥሞቻቸውን በሕዝብ ፊት ያነቡ ነበር። የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም. በዚሁ በዓል ተነቦ ዝናን አተረፈ። ግጥሙ የገነነው በሱቅ ተሸጦ አይደለም። አንድ ወጣት ቆሞ ስላነበበው፣ የሰሙትም ቃሉን ይዘው ወደየቤታቸው ስለ ሄዱ ነው።

ድምፅ ለመጽሐፍ ያለው ጠቀሜታ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየው ግን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የሀዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ በተማረው ኅብረተሰብ ዘንድ ታላቅ አቀባበል አግኝቶ ነበር። ሆኖም በዛብህና ሰብለ ወንጌል፣ ጉዱ ካሣና ፊታውራሪ መሸሻ ፊደል ባልቆጠረው ሰው ቤት ሳይቀር እንደ ጎረቤት የታወቁት ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ከተረከው በኋላ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ መልካም ንባብ ለመልካም ድርሰት ሁለተኛ ልደት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ በመሆኑ፣ ደራሲው ድምፁ ካልረዳው መጽሐፉን ለአንድ የተውኔት ሰው አደራ ቢሰጥ ውርደት እንዳልሆነ ነው።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ስመ ጥሩው እንግሊዛዊ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ የራሱን ልብ ወለዶች በየከተማው እየዞረ ለአድማጭ ያነብ ነበር፤ በ1867 እና በ1868 አሜሪካ ድረስ ተሻግሯል። ያ ሁሉ ዝና የነበረው ሰው እንኳ ከአንባቢው ጋር ፊት ለፊት መገናኘትን ከጽሕፈት ጠረጴዛው ባላነሰ ፈልጎታል።

ወደ ዛሬው የአራዳ ደራሲ ስንመለስ ሸክሙ ከብዶ ይታያል። በደርግ ዘመን የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት፣ በሳንሱር ገደብ ውስጥም ቢሆን፣ የማሳተምንና የማሠራጨትን ችግር ከብዙ ደራስያን ትከሻ አንሥቶ ነበር። እርሱ ከቀረ ወዲህ አያሌ ደራስያን ራሳቸው አሳታሚ፣ ራሳቸው አከፋፋይ፣ ራሳቸውም አስተዋዋቂ ለመሆን ተገደዋል። ደራሲው ከወዳጅ ዘመድ ተበድሮ የማተሚያውን ይከፍላል፤ ለመጻሕፍት መደብሩና ለአዟሪው ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ይቀንሳል፤ ቀሪውንም በምረቃው ዕለት ለማግኘት ተስፋ ያደርጋል።

የምረቃውንም ሥርዓት የማያውቅ የለም። አዳራሽ ይከራያል፣ የጥሪ ወረቀት ይታደላል፣ የክብር እንግዳ ይለመናል። ክራር ወይም ማሲንቆ ይሰማል፤ አንድ ምሁር ስለ መጽሐፉ አጭር ጽሑፍ ያነባል፤ የሥራ ባልደረቦች ስለ ደራሲው ደግነትና ትጋት ይመሰክራሉ። በመጨረሻ መጽሐፉ በበሩ ላይ ይሸጣል፤ ደራሲውም ይፈርማል። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝና የሚገባ ነው። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ከተቀመጡት መካከል መጽሐፉን አስቀድሞ ያነበበው ስንቱ ነው? አንብቦስ «ይህ ምዕራፍ አላሳመነኝም» ብሎ የሚናገርበት ጊዜ ማን ሰጠው? ምስጋና ብቻ የሚሰማበት ጉባኤ ደራሲውን ለአንድ ምሽት ያስደስተዋል እንጂ ለሁለተኛው መጽሐፉ ስንቅ አይሆነውም።

በዚህ ረገድ የተሻለ አርአያ አልጠፋም። ሚዩዚክ ሜይዴይ ኢትዮጵያ በወመዘክር አዳራሽ ያዘጋጃቸው በነበሩት የመጽሐፍ ውይይቶች ተሰብሳቢው መጽሐፉን አንብቦ ይመጣል፤ መነሻ ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ይመደባል፤ ከዚያ ሁሉም እጁን እያወጣ ይጠይቃል፣ ይሞግታል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ በሚገኘው በራስ ሆቴል ደግሞ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየወሩ ይቀርብ የነበረው ግጥም በጃዝ ወጣቱን በብዛት ስቧል። መግቢያ ከፍሎ ግጥም ለመስማት የሚመጣ ሕዝብ አለ ብሎ ቀድሞ ማን ይገምት ነበር? በእንዲህ ያለ መድረክ የቆመ ገጣሚ እጅግ የሚወደው ስንኝ በዝምታ ሲታለፍ፣ እምብዛም ያልተጨነቀበት ስንኝ ግን አዳራሹን ሲያናውጥ ያያል። ያ ዝምታ ያማል። ሆኖም በቤቱ ተቀምጦ ሊያገኘው የማይችለው ሂስ ያ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበው ጉዳይ ግን የአድማጩ ራሱ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ፣ በዚያ ተወልደው ያደጉ በርካታ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ከነአዳራሾቹ በፒያሳ ተመርቆ ተከፈተ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ሥፍራው አምሯል። ነገር ግን ከሥራ መልስ በእግሩ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ወደ ሀገር ፍቅር ይገባ የነበረው ጎረቤት ዛሬ ሁለት ታክሲ መያዝ ግድ ሆኖበታል። ምሽት ሲሆን የመመለሻው ነገር ያሳስበዋል። ስለዚህ ግብዣው ቢደርሰውም ይቀራል። ደራሲው ወንበሮቹ ባዶ ሆነው ባየ ጊዜ ሕዝቡ ንባብ ጠላ ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። እውነቱ ግን ሕዝቡ ቤቱ ርቆበታል ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ደራሲው ሕዝቡን ተከትሎ መሄዱ ነው። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በየአዲሱ መንደር ትምህርት ቤት አለ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። የሥነ ጽሑፍ መምህሩ አንድ ክፍል ቢያስከፍት፣ የወረዳው የባህል ሠራተኛ ከሁለት ሳምንት በፊት ለነዋሪው ቢያስታውቅ፣ ሁለትና ሦስት ቅጂዎች አስቀድመው በአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጡና በተራ ቢነበቡ፣ አንድ የተውኔት ሰው ደግሞ ሃያ ደቂቃ የሚወስድ ምዕራፍ ቢያነብ ጉባኤው ተሟላ። ቀሪው ሰዓት የነዋሪው ይሁን። ስለ አራዳ የተጻፈ መጽሐፍ ከሆነማ በዚያ ክፍል ከሚቀመጡት አረጋውያን የበለጠ መዛኝ ከየት ይገኛል? «ያ ዳቦ ቤት ከመንገዱ በስተግራ ነበር» ብለው የሚያርሙት፣ «እኛስ እንዲህ አንነጋገርም ነበር» ብለው የሚከራከሩት እነርሱ ናቸው።

በዚያ ዕለት አምስት መጽሐፍ ብቻ ይሸጥ ይሆናል። የትራንስፖርቱን እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ደራሲው ግን በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተሞላ አንድ ቅጂ ይዞ ይመለሳል፤ ለሁለተኛው ኅትመት የሚያስፈልገውም እርሱ ነው።