ከኮርኒሳችን በላይ የሰፈሩት እንግዶች

ዛሬ የምናወጋችሁ በቤታችን ስለደረሰ አንድ ነገር ነው። ነገሩ የሚያኮራ አይደለም። ጧት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ቁርኣን የምናስተምር ሰዎች ሆነን ሳለ፣ ለሌላው የምንነግረውን ለራሳችን ሳንሰማ ቀርተን ጎረቤታችንን ጎድተናል። ከእኛ ስሕተት ሌላው ቤተሰብ ቢማር መልካም ነው ብለን ጽፈነዋል።

የምንኖረው ሮቤ ነው። ቤታችን እንደ ብዙው የሰፈራችን ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ሜዳው በአበባ በተሸፈነበት ሰሞን፣ ሌሊት ሌሊት ከመኝታችን በላይ የማያቋርጥ የጥዝታ ድምፅ እንሰማ ጀመር። ቀን ወጥተን ስናይ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ጣት በምታስገባ ቀዳዳ ነፍሳት ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ባለቤታችን "የሚያውቅ ሰው ይየው" አለች። እኛ ግን "ተርብ ነው፤ ለተርብ ምን ሰው ያስፈልገዋል?" ብለን መለስንላት። ከዓመት በፊት ተርብ በሽንት ቤቱ ጣራ ሥር ጎጆ ሠርቶ በረዥም እንጨት አውርደነው ስለነበር አዋቂ የሆንን መስሎን ነበር። ያ የተርብ ጎጆ እንጨት አላምጦ የሚሠራው ግራጫ ወረቀት መሰል ነገር ነው። ማር የለበትም፤ ነዋሪዎቹም ጥቂት ናቸው። ከኮርኒሳችን በላይ ያለው ግን እንደዚያ አልነበረም። ቀን በቀን እየበዛ፣ ድምፁም እየጎላ ሄደ።

ከሱቅ ፍሊት ገዝተን በቀዳዳው ነፋንበት። በማግሥቱ ግቢያችን በሞቱ ነፍሳት ተሞላ። የቀሩት ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ከሞቱት አንዷን በክብሪት ቀፎ ይዛ መጣችና፣ "አባ፣ ይህች እኮ ፀጉር አላት። ተርብ ፀጉር የለውም፣ ንብ ናት ፀጉር ያላት ብለህ አስተምረኸን የለም?" አለችን።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ንብ መሆኑን አውቀናል። አንድ ሱራ በስሟ የተሰየመላትን፣ ከሆዷ የሚወጣው መጠጥ ለሰው መድኃኒት እንዳለበት አሏህ (ሱ.ወ.) የነገረንን ፍጡር ነበር በመርዝ ስናረግፍ የሰነበትነው። ጉንዳንን፣ ንብን፣ ሁድሁድንና ሱረድ የተባለውን ወፍ መግደል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደከለከሉ አቡ ዳውድ ከኢብን ዐባስ ዘግበውታል። ይህን ሐዲስ እኛው ራሳችን ለልጆች አስተምረነዋል። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ትንሹ ልጃችን ተነድፎ ዓይኑ አብጦ ነበር። ከፍርሃቱም በላይ ለባለቤታችንና ለጎረቤት "ተርብ ነው፣ እኛ እናጠፋዋለን" ያልነው ቃል አስሮናል። ስለዚህ ልጅቱን "ሂጂ ተጫወቺ" አልናት።

ቅዳሜ፣ ፀሐይ በበረታችበት በስድስት ሰዓት፣ በረዥም እንጨት ጫፍ ጨርቅ ጠምጥመን፣ ነጭ ጋዝ አርከፍክፈን ለኮስነውና ወደ ቀዳዳው አስጠጋነው። እስከ አሥር እንኳ ለመቁጠር ጊዜ አላገኘንም። ከቀዳዳው የወጣው እንደ ጥቁር ጢስ ያለ መንጋ ነበር። ችቦውን ጭቃ ላይ ጥለን ወደ ቤት ሮጥን። በሩን ዘግተን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ የተነደፍንበትን ስንቆጥር ሃያ ሦስት ሆነ።

ይሁን እንጂ እኛ የምንሮጥበት እግር ነበረን። በአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የጋሪ ፈረስ ታስሮ ቆሟል። ሲጮህና ሲራገጥ በመስኮት እያየን ልንወጣ አልደፈርንም። ባለቤቱ ራሱን በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኖ ወጥቶ ገመዱን እስኪቆርጥለት ድረስ ፈረሱ ከአንገቱ እስከ ጆሮው በንብ ተሸፍኖ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሮቤን የሚያውቅ ሰው የጋሪ ፈረስ ለባለቤቱ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። የአምስት ልጆች ዳቦ ነው። ልናስተዛዝን ሄደን አንገታችንን ደፍተን ስንቀመጥ ጎረቤታችን፣ "ቀደር ነው ኡስታዝ፤ ምን ይደረጋል" አለን። ቃሉ ለጊዜው አሳረፈን። ቤት ገብተን ለባለቤታችን ስንነግራት ግን፣ "ቀደር ነው ማለት የሚያምረው ከእሱ አፍ ነው። ከእኛ አፍ ከወጣ ዕዳ መሸሽ ነው" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በሰው ንብረት ላይ ጉዳት ያደረሰ ይተካል የሚለውን ለዓመታት ስንማር ኖረን፣ በቤታችን የተረዳችው እሷ ሆነች። የወር ተራችን ያልደረሰ ዕቁብ ነበረን። ሁኔታውን ገልጠን ለምነን አስቀድመን ወሰድንና ከእሷ ቁጠባ ጋር ጨምረን ፈረስ ተካን። ጎረቤታችን መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ በሽማግሌ ተቀበለ። ዐውፍ እንዲለንም ጠየቅነው።

ንቦቹ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። በዚህ ጊዜ ነው አንድ በዕድሜ የገፉ ንብ አናቢ ከወደ ጎባ ያስጠራነው። ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎባ አልፎ የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ወደ ሪራና ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በሀረና ደን ውስጥ ያልፋል። ያ ደን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። በዚያ አገር ሰዎች ቀፎ በረዣዥም ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ። ሽማግሌውም ይህን ሥራ የተማሩት በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ወደዚያ ደን እየወረዱ ነው።

ሽማግሌው እንደ ደረሱ ነገሩን ሁሉ ሳንደብቅ ነገርናቸው። አልቆጡንም። "አባቴ፣ አሁኑኑ ይጀምሩ?" ብንላቸው፣ "ልጄ፣ ንብ በቀትር አትነካም። መግሪብ ይስገድ፤ ከብትና ዶሮም ይራቅ" አሉ። ያመጡትን ቀፎ በወይራ ጢስ አጠኑት፣ ውስጡንም በጠጅ ሳር አሹት። ሲመሽ ኩበት አጭሰው በቀስታ ወደ ቀዳዳው እፍ አሉበት። ጢስ ሲሸታት ንብ ማሯን ለመጉረስ ትጣደፋለች፤ ሆዷ የሞላ ንብ ደግሞ ለመንደፍ አትቸኩልም። ከዚህም በላይ አንዷ ስትነድፍ ሌሎቹን ለጥቃት የሚጠራ ሽታ ትለቃለች። ጢሱ ያንን ሽታ ይሸፍነዋል። በአንድ ፈረስ ላይ ያ ሁሉ ንብ የተረባረበበት ምክንያት ይኸው ሽታ መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋልነው።

የኮርኒሱን ጠርዝ ከፍተው ሰፈፉን እያነሡ በዝግታ ወደ ቀፎው አሻገሩት። ፍሊት የነካው ማር ለሰው እንደማይሆን ነግረውን ለብቻው አድርገው ቀበሩት። በመጨረሻ አውራዋን አገኟት። የአገራችን ሰው "የንብ አውራ" ሲል ወንድ ትመስላለች እንጂ እንቁላል ጣይዋ እሷ ናት፤ ሠራተኞቹም ሁሉ ሴቶች ናቸው። እሷ ከገባች በኋላ የቀሩት ተከትለው ገቡ። ሌሊት ሲበርድ ቀፎውን በጨርቅ አፍነው ይዘው ሄዱ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን ባትሪ አብርተው ከኮርኒሱ በላይ እንድናይ አደረጉን። አንድ ማገር ከስሏል፤ የአቡጀዴው ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል ተቃጥሏል። "ያን ቀን ባያባርሯችሁ ኖሮ ችቦውን እዚያው ይዛችሁት በቆማችሁ ነበር። ቤታችሁን ከነልጆቻችሁ ያተረፈው ንቡ ነው" አሉን። ከቀደምት ነቢያት አንዱን ጉንዳን ነድፎት መንደሩን በማስቃጠሉ ከአሏህ ዘንድ እንደተወቀሰ ቡኻሪና ሙስሊም ያወሱትን ታሪክ በቃላችን እናውቀዋለን። በዚያች ሌሊት ከደረጃው ላይ ሆነን ግን እንደ አዲስ ሰማነው።

ውድ ወላጆችና ወጣቶች፣ የእናንተም ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ ሊመጣበት ይችላል። አበባ በሚበዛበት ወቅት ከእናት ቀፎ የተለየ መንጋ ማደሪያ ጉድጓድ ይፈልጋል። በቅርንጫፍ ላይ ተሰብስቦ ካያችሁት የሚጠብቀው ቤት ገና ስለሌለው እምብዛም አይነድፍም፤ ያን ጊዜ አናቢ መጥራት ቀላል ነው። እሳትና መርዝ አትጠቀሙ። ንብ አናቢ የማታውቁ ከሆነ የወረዳችሁን የግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከተነደፋችሁ እጃችሁን ሳታወናጭፉ ሮጣችሁ ቤት ግቡ፤ መንደፊያውን በፍጥነት በጥፍር ፋቁት። ፊቱና ከንፈሩ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ወይም ብዙ ጊዜ የተነደፈ ሰው ካለ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። መንጋው ከተነሣ በኋላም የቀረውን ሰፈፍ ጠርጋችሁ ቀዳዳውን በጭቃ ድፈኑ፤ የሰም ሽታ ሌላ መንጋ ይጠራልና።

እኛም ቀዳዳውን የደፈንነው ከልጃችን ጋር ነው። ጭቃውን እያቀበለችን ሳለ፣ "ያን ቀን ያልሽው ልክ ነበር፤ ሳንሰማሽ በመቅረታችን አጥፍተናል" አልናት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ "ታዲያ አሁን የት ነው ያሉት?" አለችን። "ጎባ ናቸው" አልናት። "ኢንሻአላህ እንሄዳለን?" አለች። ሄድንም። ሽማግሌው ቀፎውን ከኮሶ ዛፍ ሥር አቁመውታል። ሲቆርጡ ከማሩ ጥቂት ሰጡን። ግማሹን ጎረቤታችን ቤት ወሰድን።

ዕውቀታችንን በሥራችን ላይ የምናየው፣ ጥፋታችንንም ሳናመካኝ የምንክሰው አሏህ ያድርገን። አሚን።